መርፌው የተሰበረ ዕለት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  

የዛሬውን ዝግጅት በጥያቄ ልጀምር። እስቲ የሥራ ቦታችሁን አስቡት። አንድ ነገር በእጃችሁ ላይ ተበላሸ። ዕቃ ተሰበረ፣ ሒሳብ ተዛባ፣ ደንበኛ ተቆጥቶ ወጣ። መጀመሪያ የምትነግሩት ለማን ነው? ለአለቃችሁ? አጠገባችሁ ለሚሠራው ጓደኛችሁ? ወይስ ለማንም ሳትናገሩ ትደብቁታላችሁ?

መልሱን ለጊዜው በልባችሁ ያዙት። አለቆች ከሆናችሁ ደግሞ እንዲህ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ በእኔ ሥር ያለ ሰው ሲሳሳት ወደ እኔ ይመጣል ወይስ ከእኔ ይሸሻል?

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ጥያቄ እዚህ ሐዋሳ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የነበረውን ተስፋ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ከሲዳማ ወረዳዎችና ከአጎራባች አካባቢዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። ለአብዛኞቹ በደመወዝ ተቀጥሮ መሥራት የመጀመሪያቸው ነበር። ሰዓት ፈርሞ መግባት፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ስፌት ብቻ መስፋት፣ ምሳ በተወሰነ ደቂቃ በልቶ መመለስ፣ ለመጸዳጃ ቤት ማስፈቀድ፣ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር ነበር።

የሚያሠለጥኗቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ ከስሪላንካ፣ ከህንድ፣ ከቻይና የመጡ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት! አለቃው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ መካከል ላይ ያለው የመስመሩ መሪ፣ ላይን ሊደሩ፣ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ልጅቷ ደግሞ በቤቷ ያደገችው በሲዳምኛ ነው። ትእዛዙ እሷ ጋ እስኪደርስ ቁጣው ብቻ ይተርፋል። ቁጣ አስተርጓሚ አይፈልግምና።

ከዚያስ ምን ሆነ? ልጆቹ መልቀቅ ጀመሩ። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ስለ ፓርኩ ባወጣው ጥናት፣ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ የሠራተኞቻቸውን ያህል ቁጥር ያለው ሰው እየለቀቀባቸው እንደነበር ጽፏል። ይህ ማለት ዘንድሮ ባሠለጠኑት ሁሉ ምትክ ለከርሞ እንደገና ሌላ ማሠልጠን ማለት ነው።

ለምን ለቀቁ? ጥናቱ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ብቻ እንደነበረ ይናገራል። የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት ሲከፈል የሚተርፍ ነገር አልነበረም። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ ነበሩ። ስለዚህ አድማጮቼ፣ ዛሬ ስለ መተማመን ስናወራ ይህን አንርሳ። ደመወዙ የማይበቃውን ሠራተኛ በመልካም ቃል ብቻ አቆየዋለሁ የሚል አለቃ ራሱን ያታልላል። የሚገባውን መክፈል ይቀድማል።

ነገር ግን ፋብሪካ የሠራችሁ ይህንንም ታውቃላችሁ። ደመወዙ አንድ፣ ማሽኑ አንድ፣ ታርጌቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ላይን ላይ ልጆቹ ይረጋሉ፣ ሌላው ላይን ላይ በየወሩ አዲስ ፊት ይታያል። እዚያ ላይ ልዩነቱን የሚያመጣው ማን ነው? በእኔ እምነት ከመስመሩ ራስ ላይ የቆመው ሰው ነው። ላይን ሊደሩ፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ የፈረቃው ኃላፊ። ሠራተኛው የድርጅቱን ባለቤት በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ለእሱ ድርጅቱ ማለት በየቀኑ አጠገቡ የሚቆመው ያ ሰው ነው።

(የስፌት መኪና ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ፤ ድንገት ይቋረጣል)

የሰማችሁት ድምፅ ተቋረጠ አይደል? አሁን አንድ ነገር አብረን እንይ። መርፌ ተሰበረ እንበል።

ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ መርፌ መስበር ቀላል ነገር አይደለም። ስብርባሪው ሁሉ ይለቀማል፣ ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ይመዘገባል፤ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጫፉ ከጠፋ በአቅራቢያው ያለው ልብስ ሁሉ ይፈተሻል። ለምን? ያ ሸሚዝ ባሕር ተሻግሮ የሚለብሰው ሰው አለ። ምናልባትም ሕፃን ልጅ። በአንገትጌው ውስጥ የቀረች ቅንጣት ብረት ሥጋ ትወጋለች።

አሁን ደግሞ ማሽኑ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አስቧት። ከተቀጠረች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ አይደለሽም ከተባለች ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለች። ይህን ታውቃለች። የሰዓቱ ታርጌት ገና አልሞላም። ትናንት አጠገቧ ያለችው ልጅ መርፌ ሰብራ በሁሉ ፊት ስትሰደብ ሰምታለች።

ቀጭ! መርፌው ተሰበረ። ግማሹ እጇ ላይ ቀረ፣ ጫፉ የለም። ዙሪያዋን አየች። ላይን ሊደሩ ወዲያ ጥግ ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ይጮኻል።

አድማጮቼ፣ ምን የምታደርግ ይመስላችኋል?

(ለአፍታ ጸጥታ)

ብዙ ሰው በእሷ ቦታ ቢሆን ዝም ይላል። ግማሹን መርፌ ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ከጓደኛው መርፌ ይለምናል፣ ሸሚዙን ወደሚቀጥለው ሰው ያሳልፋል። አበው ዝም አይነቅዝም ይላሉ። በሽምግልና ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። በስፌት መስመር ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ተሸፍኖ ይሄዳል፣ በካርቶን ይታሸጋል፣ በኮንቴይነር ጂቡቲ ይደርሳል፣ ውሎ አድሮ ጭነቱን በሙሉ ይዞ ይመለሳል።

ጥፋቱ የማን ነው? የልጅቷ ነው ትሉ ይሆናል። እሷም ድርሻ አላት። ግን ትናንት በሌላዋ ላይ የጮኸው ሰው፣ የዛሬውን ዝምታ በገዛ እጁ አስተምሯታል። አንድ ሰው ሲሰደብ አርባ ሰው ይማራል፤ የሚማሩትም መደበቅን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጅቷ ሄዳ ብትነግረውና ያው ላይን ሊደር እንዲህ ቢላት ኖሮስ? «የኔ እህት፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። እጅሽን አልወጋሽም? ነይ ጫፉን አብረን እንፈልግ።» ጫፉ ከተገኘ በኋላ ደግሞ፣ «ይሄ ጨርቅ በጣም ወፍራም ነው፣ መርፌው ቁጥሩ ትንሽ ነው መሰለኝ። መካኒኩን ልጥራው» ቢላት? ከዚያን ቀን ጀምሮ ያች ልጅ አፏን ከፍታ ትናገራለች። ሌሎቹም ያዩትን አይረሱም።

ልብ በሉ፣ ይህ ማለት ጥፋት ሁሉ ይታለፍ ማለት አይደለም። ሥራዋን ችላ ብላ በስልክ ስትጫወት መርፌ የሰበረችውን መገሠጽ ተገቢ ነው። ግን ግድየለሽነትና ስህተትን መናገር ይለያያሉ። ስህተቱን የተናገረ ሰው በመናገሩ አይቀጣም። እደግመዋለሁ፤ ስህተቱን የተናገረ ሰው በመናገሩ አይቀጣም። ዛሬ ከዚህ ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ይሁን።

(አጭር ሙዚቃ)

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ከተማ ብቻ የሚታይ እንዳይመስላችሁ። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የነርሶችን ቡድኖች አጠናች። ጥሩ የሚመሩት ቡድኖች መድኃኒት ሲሰጡ ስህተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ነበር የጠበቀችው። ውጤቱ ሲመጣ ግን ተገልብጦ አገኘችው። በመልካም የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል!

ግራ ገባት። በኋላ ቡድኖቹ ጋ ሌላ ተመልካች ሄዶ ሲያይ ነገሩ ተገለጠ። በመልካም የሚመሩት ነርሶች ስህተታቸውን በግልጽ ይናገራሉ፣ ስለዚህ ይመዘገባል። አለቃቸውን የሚፈሩት ደግሞ ይደብቃሉ፣ ስለዚህ ወረቀቱ ንጹሕ ይመስላል። አሁን ልጠይቃችሁ፤ ብትታመሙ በየትኛው ክፍል መተኛት ትመርጣላችሁ?

አለቆች ሆይ፣ ከሥራችሁ ቦታ ምንም መጥፎ ወሬ የማይደርሳችሁ ከሆነ ለመደሰት አትቸኩሉ። ምናልባት ችግር የለም ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ሰው ሁሉ ፈርቷችኋል።

ሌላም ታሪክ አለ፣ ይሄኛው ከመኪና ፋብሪካ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት የሚባል ቦታ ላይ አንድ ፋብሪካ ነበረው። ሠራተኛው ከሥራ በመቅረት፣ በመጣላትና አድማ በመምታት የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ፋብሪካው ተዘጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከጃፓኑ ቶዮታ ጋር በሽርክና እንደገና ተከፈተ። የተቀጠሩት እነማን ናቸው? አብዛኞቹ እነዚያው የድሮዎቹ ሠራተኞች! የሠራተኛ ማኅበሩም ያው ነበር።

የተለወጠው አመራሩ ነው። ሠራተኞቹን በቡድን በቡድን ወደ ጃፓን ወስደው አሳዩአቸው። ከመስመሩ በላይ ገመድ ተዘረጋ። ማንኛውም ሠራተኛ፣ ዝቅተኛ የሚባለውም ቢሆን፣ ችግር ሲያይ ገመዱን ይጎትታል፤ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፣ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ጎትተህ ለምን አስቆምከን የሚል የለም። እነዚያ «አይረቡም» የተባሉ ሠራተኞች ብዙም ሳይቆዩ በጥራት ከአሜሪካ ምርጥ ፋብሪካዎች ጋር የሚወዳደር መኪና ሠሩ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። የእኛ ሠራተኛ ሰነፍ ነው፣ የሥራ ባህል የለውም የሚለውን ቃል ስንቴ ሰማነው? እስቲ ቃሉን ከመናገራችን በፊት፣ ይህ ሠራተኛ የሚጎትተው ገመድ አለው ወይ ብለን እንጠይቅ።

ይህ አሠራር በአገራችን ካይዘን በሚለው ስም ይታወቃል። ከጃፓን ጋር በመተባበር መጀመሪያ በ30 ድርጅቶች ላይ ተሞከረ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ወለላቸውን ቀለም ቀቡ፣ ዕቃቸውን በመደርደሪያ አስቀመጡ፣ ሰሌዳ ሰቀሉ። መልካም ነው። ነገር ግን የካይዘን ልብ ያለው ሰሌዳው ላይ አይደለም። ሠራተኛው ያቀረበው ሐሳብ ተሰምቶ መልስ ማግኘቱ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ቁልፉ የጠፋ፣ አቧራ የጠጣ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ከመኖሩ አለመኖሩ ይሻላል። ሐሳብ ሰጥቶ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይጽፍም።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ስህተትን መናገር እንዳይፈራ አደረግን። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ስለ ትልልቅ ቃል አላወራም። ስለ ትንንሾቹ ነው። «ነገ ወንበርሽን አስጠግንልሻለሁ» ብላችሁ ነበር። ወንበሩስ? «የኦቨርታይም ሒሳብህን ኤች አር ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብላችሁ ነበር። ጠየቃችሁ? «ቅዳሜ ቶሎ እለቃችኋለሁ» ብላችሁ፣ ቅዳሜ ሲደርስ ሥራ በዛ ብላችሁ አስቀራችሁ። ሠራተኛው ምንም አይላችሁም። አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ግን ከዚያ በኋላ የምትነግሩትን ሁሉ በግማሽ ጆሮው ነው የሚሰማው።

የማትፈጽሙትን አትናገሩ። የተናገራችሁትን ደግሞ ደብተር ላይ ጻፉት። ሳይቻል ሲቀር ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ተናገሩ። «ወንበሩን ጠይቄ ነበር፣ መለዋወጫው አልመጣም፣ ሐሙስ እንደገና እጠይቃለሁ» ማለት ምን ይከብዳል?

የሕጉንም ነገር እወቁት። ኦቨርታይም በቀን ከአራት ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት አዋጁ ይደነግጋል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ጾታዊ ትንኮሳ የተከለከለ ነው። ላይን ሊደር ይህን ካላወቀ፣ ልጅቷ መብቷን ስትጠይቀው የተናቀ ይመስለዋል። ካወቀው ግን ራሱ ቀድሞ ይነግራታል፣ እሷም ይህ ሰው የእኔን ጥቅም ያስባል ትላለች።

ስለ ሆቴሎቻችንም አንዲት ነገር ላንሳ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያላችሁ አስተናጋጆች፣ ቲፕ እንዴት ነው የምትካፈሉት? ሳጥኑ በሁላችሁ ፊት ተከፍቶ፣ በሁላችሁ ፊት ተቆጥሮ፣ ዕቃ ለሚያጥበውም ለጽዳቷም ድርሻው በታወቀ ደንብ ከተሰጠ ነገሩ ሰላም ነው። አንድ ሰው ለብቻው ቢሮ ውስጥ ቆጥሮ ካከፋፈለ ግን፣ ሰውዬው ጻድቅ ቢሆን እንኳ ሐሜት አይቀርለትም። ገንዘብ ያለበት ነገር በግልጽ ይሁን።

ሰው ሲጣላስ? የሲዳማ ሽማግሌዎች በባህላዊው ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ ሲቀመጡ አንዱን ወገን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሌላውም ሐሳቡን ይጨምራል፣ ጊዜ ይወስዳል። ከዚህ አካባቢ የመጡ ሠራተኞች ይህን እያዩ ነው ያደጉት። መጀመሪያ የደረሰውን ከሳሽ ሰምቶ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ አለቃ እንዴት እንደሚታያቸው ገምቱ። ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት የሁለቱንም አድምጡ። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

(ሙዚቃ፤ ከቀድሞው ዘግየት ያለ)

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንምጣ። መጥፎ ወሬ ሲመጣ አለቃ ምን ይበል?

ይህን ከተማችን አይታዋለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ልብሶች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒ ቪ ኤች በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አገራችን ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ታስገባበት ከነበረው የአጎዋ ዕድል ታገደች። ውሳኔው ዋሽንግተን ላይ ነው የተወሰነው። ጭንቀቱ ግን ያረፈው ዳቶ አካባቢ አንድ ክፍል ለአራት በተከራዩት ልጆች ላይ ነው። ልቀጥል ነው ወይስ ልባረር? የወሩን ኪራይ ልክፈል ወይስ ወደ ቤተሰቦቼ ልመለስ?

በእንዲህ ያለ ጊዜ ላይን ሊደሩም የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከበላይ የተነገረው ነገር የለም። ስለዚህ ብዙዎች ዝም ይላሉ፣ ወይም «ምንም አትስጉ፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነው» ይላሉ። ሁለቱም ይጎዳሉ። ዝም ካላችሁ ወሬው በምሳ ሰዓት ይፈበረካል። «ሰላም ነው» ብላችሁ በሳምንቱ ሰው ከተቀነሰ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያምናችሁም፤ የቀሩት ሠራተኞችም ጭምር።

ምን ይባል ታዲያ? ሰብስባችሁ እንዲህ በሏቸው። «እስከ አሁን የማውቀው ይህን ነው። ይህን ይህን ደግሞ እኔም አላውቅም። አርብ ከምሳ በኋላ አዲስ ነገር ቢኖርም ባይኖርም እዚሁ መጥቼ እነግራችኋለሁ።» አርብም ሂዱ። አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ ሂዱና «አዲስ ነገር የለም» በሉ። ቃላችሁን ጠብቃችሁ መምጣታችሁ ራሱ በዚያ ሰዓት የሚያሳርፍ ነገር ነው። መሰናበት ካለም ሰው ከበር ላይ ስሙን በዝርዝር አይቶ አይወቅ። ከሚያውቀው አለቃው አፍ፣ ፊት ለፊት ይስማ። የሚገባው ክፍያ፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱ፣ ምን እንደሚያገኝና መቼ እንደሚያገኝ በዚያው ቀን ይነገረው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሰዓታችን እያለቀ ነው። ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ።

አለቆች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከፈረቃው ማብቂያ በፊት አሥር ደቂቃ ውሰዱና በሥራችሁ ያሉትን ይህን ጠይቁ፤ «ዛሬ ሥራችሁን ያደናቀፈው ምንድን ነው?» ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ስሙ። አትከራከሩ፣ ምክንያት አትደርድሩ። ከሰማችሁት ውስጥ በእናንተ አቅም የሚፈታ አንድ ነገር መርጣችሁ በሳምንቱ ውስጥ ፍቱት። የመጀመሪያው ቀን ማንም ባይናገር አትገረሙ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ጠይቁ።

ሠራተኞች ደግሞ፣ አንድ ያያችሁትን ጉድለት ለአለቃችሁ ንገሩ፣ ከመፍትሔ ሐሳብ ጋር። ብቻችሁን ለመናገር ከከበዳችሁ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።

የሆነውን ጻፉልን። የድርጅቱንና የሰውን ስም አትጥቀሱ፤ ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተመለሰ ብቻ ንገሩን። በሲዳምኛ የምትጽፉም ጻፉ፣ ባልደረቦቼ ያነቡልኛል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ደብዳቤዎቻችሁን እናነባለን፤ አንዲት ልምድ ያላት የፈረቃ ኃላፊም ከእኛ ጋር ሆና ጥያቄዎቻችሁን ትመልሳለች። 

(የመውጫ ሙዚቃ)